ፈረሱን ጠምደው ይዩት፦ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሪ ፈረስ ለሚገዙ

ለመጀመሪያ ጊዜ የጋሪ ፈረስ ሊገዙ ከሆነ ከሁሉ አስቀድመው አንድ ነገር ይወስኑ፦ ጥርሱን የጨረሰና ጋሪ የለመደ ፈረስ እንጂ ገና የሚገራ አይግዙ፤ ጋሪ ላይ ተጠምዶ ሲሠራ ሳያዩም ዋጋ አይቁረጡ። የብዙ ጀማሪ ገዢ አካሄድ ከዚህ የተለየ ነው። በገበያ ቀን ከብት ተራ ይወጣል፣ ደላላ ይዞ ይዞራል፣ ጋማው የተበጠረና ጎኑ የሞላ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ፈረስ በቆመበት አይቶ ይወድና ተከራክሮ ከፍሎ ወደ ቤቱ ይነዳል። ከቆመ ፈረስ የሚታየው መልኩ፣ ቁመቱና ሥጋው ነው። ባለጋሪን ከሥራ የሚያስቀሩት ግን የእግር ሕመም፣ የጀርባ ቁስል፣ የትንፋሽ ችግርና ድንብርታ ናቸው። አራቱንም በቆመ ፈረስ ላይ መሸሸግ ይቻላል። ፈረሱ ሲሄድ፣ ሲጎትትና ከሥራ በኋላ ሲያርፍ ግን ለመሸሸግ እጅግ ያስቸግራሉ። ከዚህ በታች የማስቀምጠው ቅደም ተከተል ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ገንዘብዎን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት የሚሠሩበትን መንገድ ይወቁ። በአንዳንድ ከተሞች ጋሪ በዋናው አስፋልት ላይ እንዳይሄድ ተከልክሏል፣ በሌሎቹ ደግሞ ታርጋ ያላወጣ ጋሪ አይሠራም፤ ይህን ከማዘጋጃ ቤቱ መጠየቅ የአንድ ጠዋት ሥራ ነው። ከዚያ መንገዱን በእግርዎ ሄደው ይዩት። አስፋልት ነው ወይስ ኮብልስቶን? ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል? ዳገቱ የት ጋ ነው፣ ምን ያህልስ ይረዝማል? የሚፈልጉትን ፈረስ የሚወስነው ይህ መንገድ ነው። ሜዳ ላይ ለዓመታት ያለ ችግር የሠራ ፈረስ ዳገት በበዛበት ከተማ በጥቂት ወራት ሊደክም ይችላል።

ቁመትን በተመለከተ ብዙ ገንዘብ ያለ ጥቅም ይወጣል። የአገራችን ፈረሶች ትንንሽ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጋማው የሚያበቃበት የትከሻ ጉብታ ላይ ሲለኩ ከ1.40 ሜትር አይበልጡም። በዓለም አቀፍ ውድድር ከ1.48 ሜትር የማይበልጥ ፈረስ ፖኒ ተብሎ ስለሚመደብ አብዛኛው የጋሪ ፈረሳችን በዚያ ሚዛን ፖኒ ነው። ገዢው ከእነዚህ መሃል ረጅሙን ሲመርጥ ጉልበት የገዛ ይመስለዋል። በጀርባ መሸከምና በጋሪ መጎተት ግን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ሚኒየቸር የሚባሉት፣ ትልቁ ማኅበራቸው 86 ሳንቲ ሜትር ገደማ የቁመት ጣሪያ ያበጀላቸው ፈረሶች፣ አዋቂ ሰው የማይጋልባቸው ሆነው ሳለ ቀላል ባለሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ሲጠመዱ አንድ አዋቂ ይዘው በሶምሶማ ይሄዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጭነቱን የሚሸከመው ጎማው ነው፣ ከፈረሱ የሚጠበቀው ማስነሳትና ማስኬድ ነው። ስለዚህ ቁመቱን ትተው ደረቱ ሰፋ ያለ፣ ወገቡ አጠር ብሎ የጠነከረ፣ ታፋው የዳበረና እግሮቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ፈረስ ይፈልጉ። ዳማ ይሁን አምባላይ፣ ጉራች ይሁን ቦራ፣ ለመልኩ ብለው ተጨማሪ ብር አይክፈሉ።

ጉልበቱን በግምት ሳይሆን በሂሳብ ማየት ይቻላል። ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን ዙሪያውን በሳንቲ ሜትር ይለኩ፤ ሜትር ከሌለዎት በሲባጎ ለክተው ኋላ ያነጻጽሩ። ቀጥሎ ከፊት ካለው የትከሻ አጥንት ጫፍ እስከ ታፋው የኋላ ጫፍ ርዝመቱን ይለኩ። የዙሪያውን ቁጥር በራሱ ያባዙ፣ ያገኙትን በርዝመቱ ያባዙ፣ ከዚያ ለ11,880 ያካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ፈረሱ በኪሎ ግራም የሚመዝነው ግምት ነው። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 130 የሆነ ፈረስ 230 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ፈረስ ሳይጎዳ ለረጅም ሰዓት ሊጎትት የሚችለው ኃይል ከክብደቱ ከ100 እጅ ከ10 እስከ 15 ነው ተብሎ ይገመታል፤ ለዚህኛው ከ23 እስከ 35 ኪሎ ማለት ነው። 100 ኪሎ የሚመዝን ጋሪ ላይ ነጂውን ጨምሮ አራት ሰው ቢቀመጥ ጠቅላላው 360 ኪሎ ይደርሳል። ጎማው በደንብ ከተነፋና አስፋልቱ ለጥ ያለ ከሆነ ይህን ለማስኬድ ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚሆን ጉተታ ይበቃል፣ ለፈረሱ ቀላል ሥራ ነው። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ ሲደርስ ግን ሌላ 29 ኪሎ ይጨመርበታል፣ ጉተታው ከ39 እስከ 44 ኪሎ ይደርሳል ማለት ነው። ያንን ለአጭር ጊዜ ይችለዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሲመላለስበት ግን ይሰበራል። ሜዳ ላይ ብቻ የተፈተነ ፈረስ አልተፈተነም የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕድሜው ከጥርሱ ይነበባል፤ ይህን ራስዎ ማንበብ ቢችሉ ከማንኛውም ደላላ ቃል ይበልጥብዎታል። ከፈረሱ ጎን ይቁሙ እንጂ ፊት ለፊቱ አይቁሙ፤ አንድ እጅዎን አፍንጫው ላይ አሳርፈው በሌላው ከንፈሮቹን ይግለጡ። ከፊት በላይ ስድስት፣ በታች ስድስት መቁረጫ ጥርሶች ያያሉ። የወተት ጥርስ አነስ ያለ፣ ነጭና ወደ ድዱ የጠበበ ነው፤ ቋሚው ሰፊ፣ ረዘም ያለና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። መሃለኞቹ ሁለቱ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ፣ ከእነሱ ቀጥሎ ያሉት በ3 ዓመት ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ዓመት ተኩል ይለወጣሉ፤ 5 ዓመት ሲሞላው ጥርሱን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የታችኞቹ ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጥቁር ጎድጓዳ ነው። የመሃለኞቹ በ6፣ የቀጣዮቹ በ7፣ የዳሮቹ በ8 ዓመት ገደማ ተፍቆ ይጠፋል። ከ8 ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ ግምት ያደላል። የወጣት ፈረስ የላይና የታች ጥርሶች ከጎን ሲታዩ ቀጥ ብለው ይገጥማሉ፣ ዕድሜ ሲጨምር ወደ ፊት ይሾላሉ። በ10 ዓመት ገደማ የላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር ቡናማ መስመር ብቅ ይላል፣ በ15 ዓመቱ ጥርሱን እስከ ግማሽ ይወርዳል። አሸዋ የበዛበት ቦታ የጋጠ ፈረስ ጥርሱ ቶሎ ስለሚበላ ካለበት ዕድሜ ያረጀ ሊመስል እንደሚችል ያስታውሱ። ለመጀመሪያ ፈረስ ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለው ይሻላል።

«ወጣቱ ርካሽ ነው፣ ዕድሜውም ያቆያል» የሚል ክርክር እዚህ ላይ ይነሳል፤ ገንዘብ ላነሰው ሰው በቀላሉ የሚጣል ክርክር አይደለም። ሁለት ነገር ግን ይዘነጋበታል። አንደኛው አጥንቱ ነው። የፈረስ የእግር አጥንቶች ዕድገት ቀድሞ ቢያበቃም የአከርካሪው እስከ 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። በ3 ዓመቱ ዳገት ላይ የተጠመደ ፈረስ ረዘም ያለ አገልግሎት ይሰጣል የተባለውን ያህል ሳይቆይ በ8 ዓመቱ እግሩና ወገቡ ሊደክም ይችላል። በደንብ የተያዘ ፈረስ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ መኖር ስለሚችል እግሩ ጤነኛ የሆነ የ9 ዓመት ፈረስ ከፊቱ ብዙ የሥራ ዓመታት አሉት። ሁለተኛው መግራቱ ራሱ ነው። ፈረስን ጋሪ ማስለመድ ሙያ ነው፤ መጀመሪያ ነጂው ከኋላ በእግሩ እየሄደ በዛብ ያዞረዋል፣ ቀጥሎ ግንድ ወይም አሮጌ ጎማ ያስጎትተዋል፣ ከዚያ ባዶ ጋሪ፣ ከዚያ ቀላል ጭነት። ይህ ወራት ይወስዳል፤ በእነዚያ ወራት ፈረሱ ይበላል እንጂ አያስገባም። ደረጃው ተዘሎ የተገራ ፈረስ መንገድ ላይ ከወጣ አደጋው የከፋ ነው። አንድ የባጃጅ ጡሩምባ ሲያስደነግጠው ይሮጣል፣ ሲሮጥ ጋሪው ከኋላ ይመታዋል፣ ሲመታው ይብሱኑ ይበረግጋል። እዚያ ጋሪ ላይ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ናቸው። ፈረስ መግራት የሚያውቅ ዘመድ፣ ሰፊ ግቢና ሌላ ገቢ ያለው ሰው ወጣት ፈረስ ቢገዛ ያዋጣው ይሆናል፤ ከፈረሱ ገቢ ዛሬውኑ ለሚፈልግ ጀማሪ ግን አያዋጣም።

ታዲያ ጋሪ የለመደ ፈረስ የት ይገኛል? ከገበያ ይልቅ ከባለጋሪዎች። ጋሪዎች ተሰልፈው ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ቦታ ሄደው ጥቂት ቀን ቁጭ ብለው ይመልከቱ። የትኛው ፈረስ ተራው እስኪደርስ ሳይቁነጠነጥ ይቆማል? የትኛውስ ያለ አለንጋ ይነሳል? እዚያ ያለው ፈረስ ለሽያጭ ተብሎ አልተዘጋጀም፣ የሚያዩት የዕለት ኑሮውን ነው። «ጥሩ ፈረስ ያለው ሰው ለምን ይሸጣል?» ብለው ቢጠራጠሩ ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ ክፉ አይደለም። ባጃጅ ሊገዛ የሚፈልግ፣ ከተማ የሚለቅ፣ ነጂ የነበረው ልጁ ሌላ ሥራ የያዘለት ሰው ጤነኛ ፈረስ ይሸጣል። ምክንያቱን ከሻጩ ይስሙና ለብቻው ደግሞ በዚያው ተራ ከሚሠሩት ሌሎች ባለጋሪዎች ያጣሩ። ፈረሱን በየቀኑ የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ ባለፈው ወር አንክሶ እንደነበረ ወይም ጭነት ሲበዛበት እንደሚተኛ ያውቃሉ። ገበያ ብቻ አማራጭ ከሆነብዎ ሻጩ ጋሪ ላይ ጠምዶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ጋሪ የለኝም ካለ ተከራይተው ያምጡ። «ይጎትታል እመኑኝ» ከማለት በቀር ሊያሳይዎት የማይፈልግ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ፈረስ ይፈልጉ።

ቀጠሮ ሲይዙ ፈረሱ ሳይጠመድ፣ በጠዋት፣ ከማደሪያው ሳይወጣ ቢደርሱ ይመረጣል። ጥቂት የሚያነክስ ፈረስ ሰውነቱ ከሞቀ በኋላ አካሄዱ ሊስተካከል ስለሚችል ቀድሞ ሲነዳ የቆየውን አይተው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ጨው አልሰው ውኃ ያጠጡትም ጎኑ ሞልቶ ይታያል። ገና ሳይነካ ዕረፍት ላይ እንዳለ ትንፋሹን ይቁጠሩ፤ ጎኑ ሲነፋና ሲጎድል አንድ ተብሎ ይቆጠራል፣ ጤነኛ ፈረስ ባረፈበት በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። የልብ ምቱን ከታችኛው መንጋጋ አጥንት ሥር በሚያልፈው የደም ሥር ላይ ጣትዎን አሳርፈው ይቁጠሩ፤ ከ28 እስከ 44 ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ይጻፉ፣ ኋላ ይፈለጋሉ።

ከዚያ ከታች ይጀምሩ። አራቱንም እግሮች አንድ በአንድ ያንሱ፤ እግሩን የማያስነሳ ፈረስ ወይ አልተለማመደም ወይ ያመዋል፣ ሁለቱም ዋጋ የሚቀንሱ ናቸው። ሰኮናው ከላይ ወደ ታች የተሰነጠቀ፣ ጥንዶቹ መጠናቸው የተለያየ፣ ወይም አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚሞቅ ከሆነ ይጠንቀቁ። የሰኮናውን ታች በእንጨት ጠርገው መሃል ያለውን ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ይዩ፤ ጥቁር ፈሳሽና የበሰበሰ ሽታ ካለው እርጥብ ቦታ ሲያድር የቆየ ፈረስ ነው። ይህ ቶሎ ከተያዘ ይድናል። ጅማቶቹን ከጉልበት በታች በጣቶችዎ እያሻሹ ይውረዱ፤ እብጠትና ሙቀት የቀኙንና የግራውን እግር በማነጻጸር ይታወቃል።

ማንከስን ለመለየት ፈረሱን ጠንካራና ለጥ ያለ መሬት ላይ አንድ ሰው በላላ ገመድ ይዞ በሶምሶማ ያስሩጠው። ገመዱ ከተወጠረ ራሱን ስለሚይዝ ምልክቱ ይጠፋል። የሚያዩት ራሱን ነው፤ የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ክብደቱን ለመቀነስ ራሱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። የኋላ እግር ከሆነ ከኋላ ቆመው ሁለቱን ዳሌዎች ያነጻጽሩ፤ በታመመው በኩል ያለው ከሌላው ይበልጥ ከፍና ዝቅ ይላል። ሄዶ ሲመለስ፣ ከፊትም ከጎንም ይመልከቱት፤ በሁለቱም አቅጣጫ በጠባቡ አዙሩት ይበሉ። በእርምጃ ደህና የነበረው በሶምሶማ ሲያነክስ ማየት የተለመደ ነው። ሻጩ «ትናንት ጠጠር ረግጦ ነው» ካለ እውነት ሊሆን ይችላል፤ እንግዲያውስ ጠጠሩ የነካው ሲድን ተመልሰው ይምጡ።

ጀርባው ላይ ድልድሉ የሚያርፍበትን ቦታ፣ ደረቱ ላይ ማሰሪያው የሚፈትገውን ቦታ፣ ጭራው ሥርና የአፉን ማዕዘኖች ይመርምሩ። በዳማ ፈረስ ላይ የበቀለ ነጭ ጸጉር የዳነ የቁስል ጠባሳ ነው፤ የድሮው ባለቤት ዕቃ እንዳልገጠመለት ይነግርዎታል እንጂ ለብቻው ፈረሱን የሚያስተው አይደለም። ክፍት ቁስል፣ የትከሻው ጉብታ ላይ ያለ እብጠት፣ አከርካሪውን ግራና ቀኝ በጣት ሲጫኑት የሚጎብጥ ፈረስ ግን አሁን ለሥራ የሚሆን አይደለም። ዓይኖቹን ተራ በተራ ይፈትሹ፤ አንዱን ሸፍነው በሌላው ፊት እጅዎን ነፋስ ሳያስነሱ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱ። የዓይን መከለያ አድርጎ የሚሠራ ፈረስ አንድ ዓይኑ ማየት ቢያቆም ባለቤቱ እንኳ ሳያውቅ ሊቆይ ይችላል።

ቆዳው ላይ ያለውን በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዩ የምጠይቅዎት በአንድ በሽታ ምክንያት ነው። ኢፒዙቲክ ሊምፋንጃይቲስ የሚባለው በፈንገስ የሚመጣ በሽታ የጋሪ ፈረሶቻችን መቅሠፍት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በ28 የኢትዮጵያ ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች ተመርምረው ከ100 ወደ 19 የሚጠጉት ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል፤ በአንዳንዱ ከተማ ምንም አልነበረም፣ ከፍተኛ በሆነበት ግን ከ100 ፈረስ 39 ደርሷል። ሞቃታማና እርጥበት ያላቸው፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር የሚገኙ ከተሞች ይበልጥ ይጠቃሉ። ምልክቱ ከቆዳው ሥር እንደ ክር ላይ እንደተሰካ ዶቃ በተከታታይ የሚወጡ እባጮች ናቸው፤ በእግሩ ውስጠኛ በኩል፣ በደረቱ፣ በአንገቱና በፊቱ ላይ ይወጣሉ፣ ኋላ ይፈነዱና ወፍራም መግል ያወጣሉ። በቁስል፣ በዝንብና ከታመመ ፈረስ ላይ በተወሰደ ዕቃ ይተላለፋል። ሕክምናው ረጅምና ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም። ስለዚህ መዳፍዎን በመላ ሰውነቱ ላይ ያሳልፉ፣ አንድ እንኳ አጠራጣሪ እባጭ ቢያገኙ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ይተዉት። ስስታም ሆኖ «ርካሽ ነው፣ አሳክመዋለሁ» የሚል ሰው የራሱን ብር ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱን ፈረስም ያጣል።

አሁን ይጠመድ። ሲጠመድ ከጎን ሆነው ይመልከቱ፦ ልጓም ሲገባለት አፉን ይከፍታል ወይስ ራሱን ይወረውራል? የጋሪው ዘንጎች ጎኑን ሲነኩት ይረጋጋል? ሰው እስኪወጣ ይቆማል? ለመቆም ያለውን ትዕግሥት ከፍጥነቱ አስበልጠው ይዩት፤ የጋሪ ፈረስ የቀኑን ብዙ ሰዓት የሚያሳልፈው ቆሞ ነው፣ ተሳፋሪ ሲወጣና ሲወርድ የሚራመድ ፈረስ ሰው ይጥላል። መጀመሪያ ባለቤቱ ይንዳ፣ እርስዎ አብረውት ይቀመጡ። ቀጥሎ ራስዎ ይንዱ፤ የለመደውን እጅ የሚታዘዝ ፈረስ የእንግዳውን እጅ ላይታዘዝ ይችላል። መነሳት፣ መቆም፣ በግራና በቀኝ መዞር፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ፤ እነዚህን በባዶ ጋሪ ይሞክሩ። ከዚያ ተሽከርካሪ ወዳለበት መንገድ ያውጡት፣ ከኋላው ባጃጅ፣ ከፊቱ ኢሱዙ ሲያልፍ ጆሮውንና እርምጃውን ይመልከቱ። ጆሮውን ማዞሩ ደግ ነው፤ ወደ ጎን መዝለሉ ግን ክፉ ነው። በመጨረሻ በተለመደው ጭነት ያንኑ እርስዎ የሚሠሩበትን ዳገት ያውጡት፣ ተመልሰውም ያውርዱት። ሲወርድ ጋሪው ከኋላ ይገፋዋልና ታፋው ላይ በሚያልፈው ማሰሪያ ጋሪውን ደግፎ በእርጋታ መውረድ አለበት። ብዙ ጋሪ ፍሬን የለውም፤ ቁልቁለት የማያውቅ ፈረስ የሚታወቀው በዚህች ቅጽበት ነው።

ከ15 ደቂቃ ሶምሶማና ከዳገቱ በኋላ ወዲያው ትንፋሹንና የልብ ምቱን ይቁጠሩ፤ ከፍ ማለታቸው አያስደንግጥዎ። ፈረሱን ጥላ ሥር አቁመው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ደግመው ሲቆጥሩ ጠዋት ወደ ጻፉት ቁጥር በጉልህ መቅረብ አለባቸው። ካልቀረቡ ወይ ከአቅሙ በላይ ነው ወይ የተደበቀ ሕመም አለ። ሳል፣ የአፍንጫ ንፍጥና ከመንጋጋው ሥር ያለ እብጠት ተላላፊ የመተንፈሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል የግዢ ነገር ይቆይ። ዕቃው ሲወርድለት ላብ የነካውን ቦታ ይዩ፤ አንዱ ቦታ ደርቆ በዙሪያው ላብ ካለ ዕቃው እዚያ ላይ ጠብቆ ይጫነዋል። ጅማቶቹን እንደገና ይዳስሱ። ከቻሉ በማግስቱ ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ ብለው ከማደሪያው ሲወጣ ይዩት፤ ትናንት ያልታየው ግትርነት ዛሬ ይታያል። ሁለት ቀን መመላለስ ይበዛል የሚል ሰው ቢኖር ይህ ፈረስ ለዓመታት የቤተሰብ ቀለብ የሚወጣበት መሆኑን ያስብ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። ባለሙያው የሚያየውን እርስዎ አያዩም፤ ሁሉን ፈረስ ወደ ሐኪም መውሰድ ግን ውድ ስለሆነ የራስዎ ምርመራ ማጣሪያ ይሁን፣ ሐኪሙ የመጨረሻውን ብቻ ይይ። የወረዳው እንስሳት ጤና ክሊኒክ አለ፤ ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ይገኛል፤ ስፓናና ብሩክን የመሳሰሉ በጋማ ከብት ደህንነት ላይ የሚሠሩ ድርጅቶችም በአገሪቱ ውስጥ አሉ። ስለ አፍሪካ የፈረስ በሽታ ክትባት ይጠይቁ፤ በሽታውን የሚያስተላልፉት ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ክረምቱ ሲያልቅ ስለሚበዙ ክትባቱ ከዚያ በፊት ቢሰጥ ይበጃል።

ጾታን በሚመለከት ብዙ አልልም። ድንጉላ ለጀማሪ አይሆንም፣ ባዝራ ባለበት መንገድ ይረብሻል። የተኮላሸ ፈረስ ከሁሉ ይረጋጋል። ባዝራ ጥሩ ሠራተኛ ናት፤ እርጉዝ አለመሆኗን ግን ሐኪሙ ያረጋግጥልዎ።

ከሲታ ፈረስ በርካሽ አግኝቶ ማደለብ ብዙዎች የሚመክሩት ነገር ነው። ክሳቱ ከምግብ ማነስ ብቻ ከመጣ ያዋጣ ይሆናል። ጥርሱ ያልገጠመ ፈረስ ግን ድርቆሽ አላምጦ በትንንሽ ጉርሻ እየተፋ ይጥላል፣ በደንብ ያልታኘከው ገለባም በፋንድያው ውስጥ ረዘም ብሎ ይታያል፤ የሆድ ትል የበዛበት ደግሞ የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ነጣ ይላል። ሲበላ ቆመው ሳያዩ ክሳት ምክንያቱ አይታወቅም።

ዋጋ ሲነጋገሩ ያለዎትን ገንዘብ ሁሉ ለፈረሱ አያውሉ። የሚገጥም ድልድልና የደረት ማሰሪያ፣ ክትባት፣ የትል መድኃኒት፣ ሰኮና ማስከርከሚያና የአንድ ወር መኖ የሚሆነውን አስቀድመው ለይተው ያስቀምጡ፤ ለእነዚህ የሚተርፍ ገንዘብ ከሌለዎት ፈረስ ለመግዛት ገና አልደረሱም። ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት ውሉ ይጻፍ፦ የፈረሱ መልክ፣ ምልክቶቹ፣ በጥርሱ የታወቀው ዕድሜ፣ ጋሪ መልመዱ፣ እንዲሁም በተስማማችሁባቸው ቀናት ውስጥ ቢያነክስ ወይም ቢታመም የሚመለስበት ሁኔታ። ሻጩን የሚያውቅ ዋስና ምስክር ይኑር፤ የተሰረቀ ፈረስ የገዛ ሰው ፈረሱንም ብሩንም ያጣል።

ቤትዎ ሲደርስ ሌላ የጋማ ከብት ካለዎት ለብቻው ይደር፤ ሊምፋንጃይቲስ ከተያዘ በኋላ እባጩ ሳይታይ ሳምንታት አንዳንዴም ወራት ሊቆይ ስለሚችል ቆዳውን በየሳምንቱ መዳሰስዎን አይተዉ፣ የሌላ ፈረስ ዕቃም አያድርጉለት። ከሻጩ የለመደውን መኖ ለጥቂት ቀናት የሚሆን ይዘው ይምጡና አዲሱን ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ይቀላቅሉ፤ በአንድ ቀን ገብስና ፉርሽካ የጠገበ ፈረስ የሆድ ቁርጠት ይይዘዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት በባዶ ጋሪ፣ በጠዋት፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ ይንዱት፤ በሁለተኛው አንድ ሰው፣ ከዚያ ሁለት ያሳፍሩ። ዳገቱ ጋ ሲደርሱ ተሳፋሪውን አስወርደው ራስዎም በእግርዎ ከጎኑ ይሂዱ።